ሲሊንደር ከመግዛታችሁ በፊት ስድስቱን ሮለር እዩ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣ ስኩተር ድምፁ እየወፈረ፣ ፍጥነቱ እየሞተ ሲሄድ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው ትልቅ ሲሊንደርና ፒስቶን መግዛት ነው። ሶማሌ ተራ ወርዶ ካርቶኑን ይዞ ይመለሳል፤ ሞተሩን ይፈታል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ስኩተሩ ጥቂት ይሻሻልና ቤንዚን ይጨርሳል፣ ይግላል፣ ሲቆይ ደግሞ ዘይት ማጨስ ይጀምራል። ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ሲሊንደሩ ውስጥ አልነበረም። ለባሕር ጠለል በተለካ ካርቡሬተርና ለባሕር ጠለል በተመረጠ ሮለር (ማርሹን የሚወስኑት ትናንሽ ክብደቶች) 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እየተነዳ ነው። እነዚህን ሁለቱን ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማስተካከል ይቻላል። ትልቁ ሲሊንደር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

የምጽፈው ጂዋይ 6 ስለሚባለው ሞተር ነው። መነሻው የሆንዳ ንድፍ ነው፤ ዛሬ በቻይናና በታይዋን ስኩተሮች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ይኸው በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አራት ምት አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። 139 ኪውኤምቢ ካለ 50 ሲሲ ነው፤ 152 ኪውኤምአይ 125 ሲሲ፣ 157 ኪውኤምጄ ደግሞ 150 ሲሲ ነው። የመጀመሪያው 1 የሲሊንደሩን ብዛት ይናገራል፤ የቀሩት ሁለት አኃዞች ደግሞ የሲሊንደሩ ውስጠኛ ስፋት በሚሊሜትር ናቸው፦ 39፣ 52፣ 57። ሻጩ «የ150 ነው» ስላላችሁ ብቻ አትመኑ። ፕላስቲኩ ላይ 150 የሚል ተለጥፎበት ሞተሩ 125 የሆነ ስኩተር አለ።

መጀመሪያ ቫልቩ

ምንም ነገር ከማሻሻላችሁ በፊት የቫልቩን ክፍተት ለኩ። የዚህ ሞተር ቫልቮች ሲሠሩ ሲሠሩ መቀመጫቸው ውስጥ ስለሚሰምጡ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል። ቫልቩ ሳይላላ ስለሚጠብቅ የሚያስጠነቅቅ ኳኳታ አይሰማም፤ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ጠዋት በሞተሪኖ ለረጅም ጊዜ ካልተመታ አይነሳም፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚሽከረከርበት ዝቅተኛ ዙር) ይዋዥቃል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ይህንን አይቶ «ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል» የሚል ብዙ ነው።

ሥራው የሚሠራው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ ቢቻል አድሮ ነው። ካንዴላውን አውጡ፤ ሞተሩ በእጅ እንዲዞር ያቀልላችኋል። የቴስታታውን (የሲሊንደሩን ራስ) ክዳን ፍቱ። በማቀዝቀዣው ፋን በኩል ቮላኖውን (ፋኑ የተያዘበትን ከባድ ጎማ) እያዞራችሁ ቲ የምትለው የላቲን ፊደል ከሞተሩ አካል ምልክት ጋር ስትገጥም አቁሙ። አሁን ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን የካም ማርሽ ተመልከቱ፤ ሦስት ቀዳዳ አለው። ትልቁ ቀዳዳ ወደ ውጭ፣ ማለትም ከሲሊንደሩ ተቃራኒ አቅጣጫ ካየ፣ ሁለቱ ትናንሾቹም ከቴስታታው ጠርዝ ጋር ትይዩ ከሆኑ ትክክለኛው ቦታ ላይ ናችሁ። ትልቁ ቀዳዳ ካልታየ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። በተሳሳተው ዙር ላይ የለካ ሰው ቫልቩ ተጭኖ እያለ ያላላዋል፤ ከዚያ ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንኳኳል።

50 ሲሲ ላይ የተለመደው ክፍተት 0.05 ሚሊሜትር፣ 125 እና 150 ላይ 0.10 ሚሊሜትር ነው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ የበለጠ ስለሚግል እሱን ከመግቢያው ትንሽ አላልቶ መተው አይጎዳም፤ የስኩተራችሁ መመሪያ የተለየ ቁጥር ከሰጠ ግን መመሪያው ይበልጣል። የክፍተት መለኪያው ምላጭ ሲገባ በቀጭኑ የሚይዝ፣ ግን የሚንሸራተት ስሜት ሊኖረው ይገባል። ዳዶውን ስታጠብቁ ማስተካከያው አብሮ የመዞር ልማድ ስላለው ካጠበቃችሁ በኋላ ሁልጊዜ ደግማችሁ ለኩ። አዲስ ሞተር ላይ በ1,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በየ3,000 ማየት ይበቃል።

ኮምፕሬሽን የምትለኩ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፦ በመጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ላይ የከባቢው አየር ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ታች 11 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 8 ከምናምን ያሳያል። ይህን ሳያውቁ የተጣሉ ደህና ፋሻዎች ጥቂት አይመስሉኝም። ስትለኩ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛችሁ ያዙ፤ አለዚያ አየር ስለማይገባ ቁጥሩ የውሸት ይሆናል። ቁጥሩ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ነው፤ ንቅንቅ ካላለ ቫልቩ ነው።

ቤንዚንና አየር

2,400 ሜትር ላይ አንድ ሊትር አየር የሚመዝነው ባሕር ጠለል ላይ ከሚመዝነው 79 በመቶ ያህሉን ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ስለዚህ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበት ገና ሳንነሳ ሄዷል። ይህን የትኛውም ዕቃ አይመልሰውም፤ አየር ጨምቆ የሚያስገባ ተርቦ ከሌለ የሚቀመስ አይደለም። የሚስተካከለው ከዚህ በላይ የሚባክነው ነው። ካርቡሬተር አየሩ በሳሳው ልክ ቤንዚኑን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በካሬ ሥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ድብልቁ ከ12 እስከ 13 በመቶ በቤንዚን ይበዛል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡት ከመሮጥ ይልቅ ያጉረመርማል። እጁን ጥቂት የመለሰ ሰው ሞተሩ ሲነቃ ካየ ማስረጃው እሱ ነው፤ ቤንዚን በዝቶበታል።

መድኃኒቱ ጄት የምትባለው፣ መሐሏ ላይ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን ነች። 150 ላይ የሚገጠመው ባለ 24 ሚሊሜትር ካርቡሬተር ሥሩ ያለው ጎድጓዳ ሲፈታ ሁለቱ ጄቶች ይታያሉ። ትልቋ ለሙሉ ነዳጅ፣ ቀጭኗ ለሚኒሞና ለመነሻ ነች። ጎኗ ላይ ያለውን ቁጥር በእጅ ስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡ፤ ከዚህ ቀደም ማን እንደቀየራት ስለማይታወቅ በግምት አትሂዱ። ለአዲስ አበባ ከፍታ የቀዳዳው ዲያሜትር ከ5 እስከ 6 በመቶ መቀነስ አለበት። 110 የምትል ከሆነች 104 መሆን ነበረባት፤ ገበያ ላይ ቅርቧ 105 ነች። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚሉ አነስ ያለ ቅነሳ ይበቃቸዋል፤ ከ3 እስከ 4 በመቶ።

ከቀየራችሁ በኋላ ካንዴላውን አጽድታችሁ ግጠሙና በረጅም ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ንዱት። ነዳጅ መስጫውን ሳትመልሱ ቁልፉን ዝጉ፤ መንገዱ ነፃ መሆኑን አረጋግጣችሁ ዳር ያዙ። ካንዴላው ሲወጣ የሴራሚኩ ጫፍ ፈዘዝ ያለ የቡና በወተት ቀለም ካለው ደርሳችኋል። ጥቁር ከሆነ አንድ ደረጃ ውረዱ። ነጭ ከሆነ ወይም ጥቃቅን የብረት ነጠብጣብ ከታየበት አልፋችኋልና ወዲያው ወደ ትልቋ ጄት ተመለሱ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ፒስቶን ያቀልጣል። የሚኒሞ ድብልቅ ማስተካከያው ብሎን በዚህ ካርቡሬተር ላይ ያለው በሞተሩ በኩል ስለሆነ፣ ወደ ውስጥ ሲጠብቅ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ሲላላ ይጨምራል። ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው አጥብቁና ሁለት ዙር ከሩብ መልሱ፤ ከዚያ በጋለ ሞተር ላይ በሩብ ዙር እየሄዳችሁ ሚኒሞው ከፍ የሚልበትን ነጥብ ፈልጉ።

ጄት በመርፌ አይጸዳም። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ብረት መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ ላይዋ 105 ብትልም ሥራዋ የ108 ነው። ከቀጭን የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዝዙ፣ በካርቡሬተር ማጽጃ አርጥቡ፣ ጄቷን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ክሯን አሳልፉ። በቀዳዳው በኩል ስታዩ ብርሃኑ ፍጹም ክብ መሆን አለበት። የሚኒሞዋ ጄት ቀዳዳ ከስፌት ክር ስለሚቀጥን ስኩተሩ ሁለት ሦስት ወር ቆሞ ከነበረ መጀመሪያ የምትደፈነው እሷ ነች። «በቾክ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሚኒሞ አይዝም» የሚባለው ሕመም ከእሷ ነው።

ከካርቡሬተሩ ጎን ጥቁር ሲሊንደር መሳይ፣ ሁለት ሽቦ ያለው ነገር አለ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቤንዚን የሚጨምረው የኤሌክትሪክ ቾክ እሱ ነው። ውስጡ ያለው ሰም ሲሞቅ መርፌዋን ገፍቶ ተጨማሪውን መንገድ ይዘጋል። ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ዕቃው ከሞተ ስኩተሩ ቀኑን ሙሉ ቾክ ላይ ነው የሚውለው፤ ጄት ብትቀይሩም ካንዴላው መጥቆሩን አይተውም። ፈታችሁ ሁለቱን ሽቦ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ላይ አገናኙትና መርፌዋን በካሊፐር ለኩ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ካልወጣች ቀይሩት። ጄት ከመግዛት በፊት ይህን መፈተሽ ገንዘብ ያድናል።

አየር ማጣሪያውን ሳጥን ጥሎ ክፍት የሆነ ሾጣጣ ፊልትሮ መግጠም ፋሽን ነው፤ እኔ አልደግፈውም። ይህ ካርቡሬተር የሚሠራው በውስጡ ያለው ላስቲክ ሽፋን የአየር ግፊት ልዩነት እየተሰማው ተንሸራታቹን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ነው። የሳጥኑ ጸጥታ ሲጠፋ ተንሸራታቹ ይዋዥቃል፣ መሐል ላይ ጉልበት ይጠፋል። በተጨማሪ የከተማችን አቧራ በዚያ ስፖንጅ ያልፍና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ላስቲክ ሽፋኑ ራሱ ከተቀደደ ሞተሩ እስከ ግማሽ ድረስ ደህና ይሄድና ከዚያ በላይ አልሄድም ይላል፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩት።

አንድ ተጨማሪ የቤንዚን ጉዳይ አለ፤ በሞተሩ ዕድሜ የሚቀልድ ስለሆነ ነው የማነሳው። ታንኩ ሥር ያለችው ቤንዚን ከፋች ሞተሩ ሲስብ ብቻ የምትከፍት ላስቲክ አለቻት። ላስቲኳ ከተቀደደች ቤንዚን በቀጭኗ የመሳቢያ ቱቦ በኩል ወደ ሞተሩ ይወርዳል። የዘይቱን መለኪያ አውጥታችሁ አሽትቱት፦ ቤንዚን ከሸተተ ወይም የዘይቱ መጠን ሳትጨምሩበት ከፍ ካለ ሞተሩን አታስነሱ። ከፋቿን ቀይሩ፣ ዘይቱን በሙሉ ድፉ። በቀጠነ ዘይት የተነዳ ኩሽኔታ ብዙ አይቆይም።

ሮለርና ቺንጋ

የስኩተር ካምቢዮ ሁለት የሚከፈቱና የሚዘጉ ፑሌዎች፣ አንድ ቺንጋ (ቀበቶ)ና ስድስት ሮለር ነው። የፊተኛው ፑሌ፣ ቫሪየተሩ፣ ሲሽከረከር ሮለሮቹ ወደ ዳር ይሸሻሉ፤ ሲሸሹ ተንቀሳቃሹን ገጽ ገፍተው ቺንጋውን ወደ ላይ ያወጡታል። ይህ ማርሽ እንደመጨመር ነው። ከባድ ሮለር በዝቅተኛ ዙር ይሸሻል፤ ማርሹን ቶሎ ይጨምራል። ቀላል ሮለር ዘግይቶ ይሸሻል፤ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ላይ ይቆያል። ፋብሪካው የመረጠው ክብደት ሙሉ ጉልበት ላለው ሞተር ነው። አንድ አምስተኛውን ያጣ ሞተር ያንን ማርሽ መሸከም ስለማይችል ዳገት ላይ ዙሩ ወርዶ ይታፈናል። ሮለር ማቅለል ማለት ሞተሩ የሚችለውን ማርሽ መስጠት ነው።

50 ሲሲ ላይ ሮለሩ 16 በ13 ሚሊሜትር ሲሆን ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6.5 እስከ 8 ግራም ነው። 125 እና 150 ላይ 18 በ14 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ ከ11 እስከ 13 ግራም ነው። የናንተን በወርቅ ቤት ሚዛን መዝኑ። ለአዲስ አበባ 150 ላይ ከነበረው 2 ግራም፣ 50 ላይ 1 ግራም ማቅለል ጥሩ መነሻ ነው። የምትፈልጉት ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ 7,500 ዙር አካባቢ ጸንቶ እንዲቆይ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ አቅልላችሁ አሳልፋችኋል። መሐል ላይ መቆም ከፈለጋችሁ ሦስት ባለ 11ና ሦስት ባለ 10 ግራም አንድ በአንድ እያፈራረቃችሁ ግጠሙ፤ ስድስቱ እንደ 10.5 ይሠራሉ። ሁለትና አራት አድርጎ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን መግጠም ግን ቫሪየተሩን ያንገዳግደዋል።

አወጣጡ እንዲህ ነው። የግራውን ክዳን የሚይዙት በ8 ቁጥር ቁልፍ የሚፈቱ ብሎኖች ርዝመታቸው ስለሚለያይ ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሥላችሁ እያንዳንዱን በቦታው ሰኩት። የፊተኛውን ዳዶ ለመፍታት ፑሌውን የሚይዝ መያዣ ወይም ኢምፓክት ተጠቀሙ። በፑሌው ክንፎች መሐል ካቻቢቴ መወተፍ የለመደ ሰው አንድ ቀን ክንፍ ይሰብራል፤ የተሰበረ ክንፍ ሚዛን ስለሚያጠፋ የክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ኩሽኔታ ይጨርሳል። ዳዶው ሲወጣ የውጭው ገጽ ይወጣል፣ ቺንጋው ይለቃል። ቫሪየተሩን ስትስቡ የጀርባውን ሳህን በአውራ ጣታችሁ ይዛችሁ ይሁን፤ አለዚያ ሳህኑ ይወድቅና ስድስቱም ሮለር መሬት ላይ ይበተናል፣ የትኛው ከየት እንደወጣ አታውቁም።

ሮለሩ ክብ መሆን አለበት። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ካገኛችሁት አይንከባለልም፣ ይጎተታል፤ ስኩተሩ የሆነ ፍጥነት ላይ ተሰክቶ የሚቀረው ለዚህ ነው። ስድስቱንም አብራችሁ ቀይሩ። የሮለሮቹን መንገድ በአልኮል አጽዱና ደረቅ አድርጋችሁ ግጠሙ። ግሪስ የሚቀቡ አሉ፤ በሽክርክሪቱ ተወርውሮ ቺንጋው ላይ ሲያርፍ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ቺንጋውን በካሊፐር ለኩ። ቁጥሩ ጀርባው ላይ ተጽፏል፦ 50 ሲሲ ላይ አጭሩ 669-18-30፣ ረጅሙ 729-17.5-30፤ 150 ላይ አጭሩ 743-20-30፣ ረጅሙ 842-20-30። የመጀመሪያው ርዝመት፣ መሐለኛው ወርድ፣ የመጨረሻው የጎኑ ዘንበል ነው። ወርዱ ከአዲሱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ከቀነሰ ወይም በጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ ካለ ጊዜው አልፏል። የሳሳ ቺንጋ ወደ ላይኛው ጠርዝ ስለማይደርስ የመጨረሻው ፍጥነት ይቀንሳል፤ ይህን በሲሊንደር ለማካካስ መሞከር ከንቱ ነው።

ሲገጠም የሚሠራው ስሕተት ከሁሉም የከፋው ነው፤ እዚህ ላይ ዓይናችሁን ሰብስቡ። ቺንጋው ፊት ለፊት ባለው ፑሌ ላይ ተወጥሮ ከተቀመጠና የውጭውን ገጽ ከገፋችሁበት፣ ገጹ የሚያርፈው መሐል ባለው የብረት ቱቦ ላይ ሳይሆን በቺንጋው ላይ ነው። ዳዶውን ስታጠብቁ እውነት ይጠብቃል፤ እጃችሁ ላይ ጥሩ ስሜት ይሰጣል። ሞተሩ ተነስቶ ቺንጋው ሲላላ ግን ገጹና ዳዶው መሐል ክፍተት ይፈጠራል። ዳዶው ይላላል፣ ገጹ በክራንኩ ጥርሶች ላይ እየተንቀጠቀጠ ይበላቸዋል። ጥርሱ የተበላ ክራንክ ማለት ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ክራንክ መቀየር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ኋላው ፑሌ ሂዱ። ሁለቱን ገጾች በሁለት እጅ ወደ ጎን ክፈቱና ቺንጋውን ወደ መሐሉ አስጥሙት፤ ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ሁለተኛ ሰው ቢያግዝ ይሻላል። ቺንጋው ኋላ ላይ ሲሰምጥ ፊት ለፊት ይላላል። አሁን የውጭውን ገጽ አስገቡ፤ ሮንዴላውንና ዳዶውን ከማስገባታችሁ በፊት የክራንኩ ጥርሶች ጫፍ ከገጹ መውጣቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ጥርሱ ውስጥ ከቀረ ቺንጋው ተቆንጥጧል፤ አውጥታችሁ ድገሙ። ዳዶውን በጣታችሁ እስኪነካ አዙሩ፣ ቺንጋውን ፊት ለፊት በሁለት ጣት ያዙና ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። መንቀሳቀስ አለበት። ከዚያ በቶርክ ቁልፍ 150 ላይ ወደ 55 ኒውተን ሜትር፣ 50 ላይ ወደ 40 አጥብቁ፤ አጥብቃችሁም ቺንጋውን እንደገና አንቀሳቅሱት። በመጨረሻ የኋላውን ፑሌ በእጅ እያዞራችሁ ቺንጋው ወደ ቦታው እስኪወጣ አስኪዱት።

ፍሪሲዮኑ ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሸራው ተወልውሎ እንደ መስታወት ሆኗል። በብርጭቆ ወረቀት ላይ ላዩን አሻክሩት፤ የሸራውን አቧራ አትተንፍሱ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ፍሪሲዮኑን ከፑሌው ለመነጠል ትልቁን ዳዶ የምትፈቱ ከሆነ ግን ሥሩ የታመቀ ትልቅ ሞላ እንዳለ እወቁ፤ አንድ ሰው በሙሉ ክብደቱ ሳይጫነው ዳዶው እንዳይወጣ። ጥርስ ያረገፈ ሞላ ነው።

እሳት ከጠፋ

ስለ ኤሌክትሪኩ በአጭሩ። ካንዴላው እሳት ካጣ ሰው ሁሉ ሲዲአይ (እሳቱን የሚቆጣጠረውን ሳጥን) ሊገዛ ይሮጣል። መጀመሪያ የሲዲአዩን መሰኪያ ክፈቱና ጥቁርና ነጭ መስመር ያላትን ሽቦ ለይታችሁ አውጡ። ይህች የማጥፊያ ሽቦ ነች፤ ከመሬት ጋር ስትገናኝ እሳቱን ትቆርጣለች። እሷ ወጥታ እሳት ከመጣ ጥፋቱ የቁልፉ ወይም የማጥፊያው ነው፤ ሲዲአዩ ጤነኛ ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩ በቁልፍ ስለማይጠፋ ለሙከራ ብቻ ይሁን። እሳት ካልመጣ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ሰማያዊና ነጯን ሽቦ ከአረንጓዴዋ ጋር ለኩ፤ ከ100 እስከ 200 ኦም መካከል ማሳየት አለባት። ክፍት ካሳየች ቮላኖው አጠገብ ያለው አነቃቂ ተቃጥሏል። ባትሪውን በተመለከተ፣ ሞተሩ ሲሮጥ ቴስተሩ ባትሪው ጫፍ ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካላሳየ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አሁን ስለ ሲሊንደሩ

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ካነሰ፣ 139 ኪውኤምቢ ላይ ባለ 47 ሚሊሜትር ሲሊንደር 72 ሲሲ ይሰጣል፤ 157 ኪውኤምጄ ላይ ባለ 58.5 ሚሊሜትሩ 155 ሲሲ ነው። የሁለተኛውን ሒሳብ ልብ በሉ፦ ከ150 ወደ 155 ለውጡ ከ4 በመቶ አይበልጥም። ያረጀ ሲሊንደር ለመተካት ጥሩ ነው፤ ጉልበት ፍለጋ ብቻ ከሆነ አይመከርም። 50 ላይ ያለው ለውጥ ግን በእርግጥ ይታያል። ሲገዛ ከቴስታታው ጋር ይገዛ፤ የ39 ሚሊሜትር ቴስታታ በ47 ላይ ማስቀመጥ መጭመቂያውን ከልክ በላይ ከፍ ያደርጋል። የ139 ኪውኤምቢ ቫልቮችም 64 እና 69 ሚሊሜትር የሚባሉ ሁለት ርዝመቶች ስላሏቸው የድሮውን ለክታችሁ ሂዱ።

ፋሻውን ከመግጠማችሁ በፊት ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡ፣ በፒስቶኑ ራስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት፣ የአፉን ክፍተት ለኩ። 47 ላይ 0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። ከ0.10 በታች ከሆነ ሲግል አፍ ለአፍ ገጥሞ ሲሊንደሩን ይቧጭራል፤ በቀጭን ሞረድ አስተካክሉት። የሦስቱ ፋሻ አፎች 120 ዲግሪ ተለያይተው ይቀመጡ። በፒስቶኑ ላይ መግቢያ የሚል ምልክት ካለ ወደ ካርቡሬተሩ ይመልከት። የፒኑን ክሊፕ ስታስገቡ የሞተሩን ጉሮሮ በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑት፤ ክሊፑ ተፈናጥሮ ውስጥ ከገባ ሞተሩ ሁሉ መከፈቱ ነው። አሮጌ ክሊፕ አትመልሱ። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፣ የቴስታታው አራት ዳዶዎች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ሦስት ዙር እየተጠናከሩ ወደ 20 ኒውተን ሜትር ይጥበቁ።

ሞተሩን ሲመልሱ የማቀዝቀዣውን ፕላስቲክ መሸፈኛ «ያጣብባል» ብለው የሚተዉ አሉ። ያ መሸፈኛ የፋኑን ነፋስ በሲሊንደሩ ክንፎች መሐል የሚያሳልፍ ነው፤ ከሌለ ሞተሩ ዳገት ላይ ይያዛል። ለመጀመሪያዎቹ 300 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ሙሉ ነዳጅ አይሰጥ፤ ግን በአንድ ፍጥነትም አይነዳ፣ ከፍ ዝቅ ይበል። ዘይቱ በመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር ይለወጥ፤ ከዚያ በየ1,500። የሞተሩ ዘይት 0.8 ሊትር ገደማ፣ የኋላው ካምቢዮ ደግሞ 50 ላይ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ ሞተር የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው በሞላ የተያዘ ወንፊት ብቻ ነው። ወንፊቱ ሲፈታ ሞላው ከዘይቱ ጋር ድስቱ ውስጥ ስለሚወድቅ ፈልጋችሁ አውጡት። የሚያፈሰው ብሎን የሚገባው አልሙኒየም ውስጥ ነው፤ በረጅም ቁልፍ አትጫኑት።

ፍጥነት ለጨመረ ስኩተር ፍሬኑ አስቀድሞ ይታይ። የኋላ ፍሬን እጀታ ነጻ መንቀሳቀሻው ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር፣ የፊቱ ሸራ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ይኑረው። በአውሮፓ የምትኖሩ ደግሞ የ50 ሲሲ ስኩተር በሕግ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ላይ የተገደበ መሆኑን አትርሱ፤ ሲሊንደሩን ለወጣችሁ ማለት መንጃ ፈቃዱና ኢንሹራንሱ ከዚያ ስኩተር ጋር አይሄዱም ማለት ነው።

የወጣውን ትልቁን ጄት አትጣሉት። ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ስኩተር በአይሱዙ ተጭኖ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ወደ ድሬዳዋ ቢወርድ በዚያ ሙቀት ቤንዚን ያጥረዋል፣ ፒስቶኑም አደጋ ላይ ይወድቃል። ጄቱን በትንሽ ፕላስቲክ አድርጋችሁ ቁጥሩን ጻፉበትና ከመቀመጫው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ከካንዴላ ቁልፉ ጋር አስቀምጡት።